ሐይቁ አጠገብ ያለው ቤትና የቃሊቲው መንገድ

ቢሾፍቱን ብዙዎቻችን የምናውቃት በእሑድ ነው። ሠርገኛ ሆነን፣ ወይም ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ጋር ገንዘብ አዋጥተን ጠዋት እንሄዳለን፤ ማታ እንመለሳለን። ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ዓሣ እንበላለን፤ ልጆቻችን ሣሩ ላይ ይንከባለላሉ፤ ወደ ቤታችን ስንመለስም «እዚህ መኖር ነበር እንጂ!» ሳንል የቀረንበት ጊዜ የለም። ባለፈው ጥር ከአንድ ሠርግ ስንመለስ ባለቤቴም ይህንኑ ተናገረ። የዚያን ዕለቱ ግን እንደ ወትሮው ለጨዋታ ያህል አልነበረም።

በአያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የተከራየነው ቤት ውሉ የሚያበቃው በሰኔ መጨረሻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ባዘዘው መሠረት የሁለት ዓመት ውል ተፈራርመን ነበር። አሁን ጊዜው ሲቃረብ አከራያችን፣ «ትቀጥላላችሁ ወይስ ትለቃላችሁ? እስከ ግንቦት መጨረሻ አሳውቁኝ» ብለውናል። ባለቤቴ ደግሞ ሐሳቡን አስቀድሞ ቆርጧል። ለአያቱ ቤት የምንከፍለው ኪራይ ቢሾፍቱ ላይ ጓሮ ያለው ሦስት ክፍል ቤት ያስገኛል፤ ከዚያም ይተርፋል። ልጆቹ መሬት ይረግጣሉ፤ አየሩ ንጹሕ ነው፤ መንገዱም 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። «መጀመሪያ ሊከብድ ይችላል፤ ሁላችንም እንለምደዋለን» አለኝ።

እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት ቢሾፍቱን በሰኞ ላያት ፈለግሁ። ከመሥሪያ ቤቴ የአምስት ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ልጆቹን ለአባታቸውና ለታናሽ እህቴ ትቼ፣ በግንቦት ሁለተኛው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ጓደኛዬ ከባለቤቷ፣ ከሁለት ልጆቿና ከአማቷ ጋር ቢሾፍቱ መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። የምትሠራው ግን አዲስ አበባ፣ ለገሃር አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በሂሳብ ክፍል ነው። ባለቤቷ የረጅም መንገድ ሾፌር በመሆኑ በሳምንት አንድ ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። ስሟን እንዳላነሣ ለምናኛለችና «ጓደኛዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነሥቶ አቃቂን፣ ገላንንና ዱከምን ያለፈ መንገደኛ ሳይታወቀው ቁልቁል ሲወርድ ቆይቶ ቢሾፍቱ ሲደርስ ከአዲስ አበባ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል። ሹራብ የለበሰ ያወልቃል። ብዙ ሰው ዛሬም ደብረ ዘይት እያለ የሚጠራት ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች መካከል ነው። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ የሚባሉት ሐይቆች የተኙትም በእነዚሁ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። በዋናው መንገድ ባጃጁ ይተራመሳል፤ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ግን ዛፍ፣ አጥርና ጸጥታ ነው። ዕቃ የጫነ የፈረስ ጋሪም ገና ጨርሶ አልጠፋም። ትንሹ ልጄ አብሮኝ ቢሆን ኖሮ ፈረሱን ካላየሁ ብሎ ያስቸግረኝ ነበር።

የጓደኛዬ ቤት ከሆራ ሐይቅ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ይርቃል። በግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የሎሚ ዛፍ፣ ጥቂት የጌሾ ቁጥቋጦና ስድስት ዶሮዎች አሉ። አማቷ እማማ (ልጆቹም እኛም የምንጠራቸው በዚሁ ነው) ከሎሚው ጥላ ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። የአሥር ዓመቷ ልጅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ትዘላለች፤ ስድስት ዓመት የሆነው ወንዱ ልጅ ደግሞ ዶሮ ያባርራል። ሁለቱም ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ ኦሮምኛውን እንደ ውኃ ይጠጡታል። እማማን ሲጠሩ በአማርኛ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጣሉ በኦሮምኛ ነው። እኔ ለዓመታት ልማር ልማር ስል የቀረሁትን ቋንቋ ልጆቹ በገመድ ዝላይ ተምረውታል። በዚያች ሰዓት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ባለቤቴ ልክ ነው ብዬ ነበር። የእኔ ልጆች መጫወቻ የአራተኛው ፎቅ ኮሪደር ነው። ኳስ ሲመቱ የታችኛው ቤት ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያ ያንኳኳሉ።

ስለ ሐይቁ አንድ ነገር ልጨምር። ለጎብኚ የሚያምረው ለእናት ያስጨንቃል። በከተማዋ መካከል ያለው የቢሾፍቱ ሐይቅ ዳርቻው ገደል ነው፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር እንደሚበልጥ ተለክቷል። እማማ ልጆቹን «ያለ ትልቅ ሰው ወደ ሐይቅ የሄደ እግሩን ይቁጠር» እያሉ ያስፈራሯቸዋል።

ሰኞ ሌሊት 10፡15 ሲሆን የወጥ ቤቱ መብራት በራ። እኔ የነቃሁት በሽንኩርት ሽታ ነው። ጓደኛዬ የልጆቹን ምሳ አብስላ፣ በምሳ ዕቃ ሞልታ፣ የሴት ልጇን የደንብ ልብስ ተኩሳ በወንበር ላይ ሰቅላለች። ለራሷ ዳቦ በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልጆቹ ወደተኙበት ክፍል ገብታ ብርድ ልብስ አስተካከለች። ሳትስማቸው ወጣች፤ «ከሳምኩት ይነቃል፤ ከነቃ ያለቅሳል» አለችኝ።

ከቤት የወጣነው 11፡10 ላይ ነው። ባጃጅ ይዘን መናኸሪያው ስንደርስ ሰልፉ ተጀምሯል። ተራ አስከባሪው ጓደኛዬን ያውቃታል፤ ብዙዎቹ ተሳፋሪዎችም እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው፣ መኪናው ሳይነሣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። አንዷ የጤና ረዳት፣ አንዷ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዷ የሆቴል አልጋ አንጣፊ ናት። መኪናው ሞልቶ ሲነሣ 11፡50 ሆነ።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የራሱ መኪና ላለውና የመንገዱን ክፍያ ለሚችል ጉዞውን በጣም አሳጥሮታል። የእኛ ሚኒባስ የሄደው ግን በአሮጌው መንገድ ነው፤ ዱከምና ገላን ላይ እየቆመ አንዱን አውርዶ ሌላውን ይጭናል። ከፊታችን ተሳቢ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈዋል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር በዚሁ በኩል ያልፍ ነበር፤ እርሱ አገልግሎቱን ካቋረጠ ዓመታት ሆነዋል። አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም በቢሾፍቱ በኩል ያልፋል፤ ሆኖም የተሠራው ለሩቅ ተጓዥና ለጭነት ነው። የአዲስ አበባው ጣቢያ ለቡ ነውና ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ መግባት ላለባት ሠራተኛ አይሆናትም።

ቃሊቲ ስንደርስ 1፡05 ነበር። ከዚያ የከተማው ቀላል ባቡር ከመጣ በባቡር፣ ካልመጣ በታክሲ ነው። በዚያን ዕለት አልመጣም። በሳሪስና በጎተራ አድርገን ለገሃር ደረስን፤ ሰዓቴን ሳይ 1፡50 ሆኗል። ሥራ የሚጀመረው 2፡30 ላይ ነው። «ታዲያ ትንሽ ዘግይተሽ ብትወጪስ?» አልኳት። ሳቀች። «ግማሽ ሰዓት ከዘገየሁ መንገዱ ይዘጋና ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምደርሰው። ቶሎ መጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ እተኛለሁ። የጥበቃ ሠራተኛው ነው የሚቀሰቅሰኝ።»

የማታው ጉዞ እንዲሁ ነው። 11፡30 ላይ ወጥታ ቤቷ የምትገባው 2፡10 ላይ ነው። በቀን አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መሆኑ ነው፤ በሳምንት 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ከሦስት ሙሉ የሥራ ቀን በላይ የሆነ፣ ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ ነው።

ማክሰኞ ማታ አብረን ገባን። ትንሹ ልጅ ተኝቷል። እናቱ እንደ ልማዷ ብርድ ልብሱን ልታስተካክል ጎንበስ ስትል ቆመች። ከዚያ የእጅ ስልኳን መብራት አብርታ ወደ ፊቱ አስጠጋችው። የፊት ጥርሱ የለም። እማማ ከኋላችን መጥተው፣ «ውይ፣ ረስቼው! ቀትር ላይ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወርነው። ሲስቅ ብታይው!» አሉ። ጓደኛዬ መብራቱን አጠፋች። እራት ስንበላ ስለ ሌላ ነገር አወራን። በኋላ ሰሃን ስናጥብ ግን እንዲህ አለችኝ፤ «እኔ እኮ ጥርሱ መነቃነቁንም አላውቅም ነበር።»

እማማን ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። እርሳቸው ባይኖሩ ይህ ቤት አንድ ሳምንት አይቆምም። ልጆቹን ለትምህርት ቤት የሚያለብሱት፣ የሚመግቡት፣ ሲያማቸውም ጤና ጣቢያ የሚወስዱት እርሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት ሴቷ ልጅ በትምህርት ቤት ትኩሳት ይዟት ሲደወልላት ጓደኛዬ ቢሮ ነበረች። አስፈቅዳ ወጥታ የደረሰችው ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ሲሆን፣ ልጅቷ መድኃኒቷን ውጣ፣ የአያቷ ጭን ላይ ተኝታ ነበር። እማማ ፊደል አልቆጠሩም፤ የቤት ሥራ ግን ያሠራሉ። ልጅቷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እርሳቸው «ደግመሽ በይው» ይላሉ። ይህን ሳይ ከራሴ ቤት ጋር አስተያየሁት። የእኔ እናት የምትኖረው ደሴ ነው፤ አማቴም በሕይወት የሉም። እንግዲህ እኛ ቢሾፍቱ ብንገባ እማማን ከየት እናመጣለን?

በአሁኑ ጊዜ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ከፍተዋል፤ የጓደኛዬም መሥሪያ ቤት አለው። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው ለሁለት ሳምንት ሞክራው ነበር። በሌሊት ብርድ ጋቢ ተጠቅልሎ የወጣ ሕፃን ዱከም ሳይደርስ ያስመልሰዋል። በሦስተኛው ሳምንት ተወችው። ማቆያው መልካም ነገር ነው፤ ለቢሮው ቅርብ ለሆነች እናት ግን ነው።

ረቡዕ ከከተማዋ ሳልወጣ ዋልኩ። ከጎረቤት አንድ አዛውንት አርፈው ስለነበር እማማን ተከትዬ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ የዕድሩ ሴቶች እንጀራ ይጋግራሉ። ከአጠገቤ የተቀመጡ እናት የማን እንግዳ እንደሆንኩ ጠይቀውኝ ከነገርኳቸው በኋላ፣ «እርሷ ደግ ልጅ ናት» አሉ፤ ቆየት ብለውም፣ «ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው መዋጮውን ይልካል፤ እግሩን ግን አያመጣም» ሲሉ ጨመሩ። ክፉ ብለው የተናገሩት አልነበረም። በሥራ ቀን ቀብር መድረስ የማይችል ሰው ጎረቤት ለመሆን ጊዜ የለውም ማለታቸው ነው። የቤት ኪራዩን ከፍ ያደረገውም ይኸው ከዋና ከተማው የሚመጣው ሰው መሆኑን አልደበቁኝም። በአቅራቢያው አቡሴራ ላይ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት የተያዘው ዕቅድ ከታወቀ ወዲህ ደግሞ ወሬው ሁሉ መሬት ሆኗል አሉኝ።

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች አንድ መጥፎ ልማድ አለን። ዙሪያችን ያሉትን ከተማዎች ሁሉ ለእኛ መኝታ ቤት የተሠሩ ይመስለናል። ቢሾፍቱ ግን ማንንም ሳትጠብቅ የምትኖር ከተማ ናት። የአየር ኃይሉ ሐረር ሜዳ እዚያ ነው፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁም እዚያ ነው። ብዙዎቻችን የምንበላው ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዝርያ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ከዚያው ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። የዶሮ እርባታው፣ የዱቄት ፋብሪካውና ሆቴሉ ሁሉ ሠራተኛ አለው። በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ በሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ሲከበር ደግሞ እንግዳው እኛ ነን።

ስለዚህም ሐሙስ ዕለት እዚያው ኖራ እዚያው የምትሠራ ሴት ፈለግሁና አንዲት መምህርት አገኘሁ። እርሷም ለሁለት ዓመት ያህል ወደ አዲስ አበባ ስትመላለስ ቆይታ በመጨረሻ እዚያው በሚገኝ ትምህርት ቤት ተቀጥራለች። ደመወዟ ቀንሷል። «ጫማ የምገዛው በዓመት አንዴ ሆኗል» አለችኝ፣ እግሯን ዘርግታ እያሳየችኝ። ልጇ ግን ከእርሷ ጋር ትምህርት ቤት ይገባል፣ ከእርሷ ጋር ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሻይ አፍልታ የቤት ሥራ ታርማለች። ባሏ ታዲያ የደመወዙን መቀነስ እስካሁን ያነሣባታል። የአውቶቡስና የታክሲውን፣ ውጭ የሚበላውን ምሳ አስልታ ብታሳየው «እንደዚያም ቢሆን» ይላታል አሉ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ቤቴ ስመለስ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ደግሞ ተቃራኒውን ነገረችኝ። በወሩ መጨረሻ ቤቷን ለቅቃ ሳሪስ አንድ ክፍል ቤት ትገባለች። ኪራዩ እዚህ ሦስት ክፍል ያስከራያል። «አልጋችንና ምድጃችን አንድ ክፍል ውስጥ ይሆናል፤ ግን እራት አብረን እንበላለን» አለች። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ልጄ ዶሮዎቹን ምን እናድርጋቸው እያለ ያለቅሳል» ስትል አከለች።

አዲስ አበባን ለማመስገን አልተነሣሁም። ከአያት አራት ኪሎ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ ለመድረስ እኔም አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጅብኛል። በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በቦሌ አራብሳ የሚኖሩ የሥራ ባልደረቦቼ ከእኔ የባሱ ናቸው፤ የእነርሱም ኑሮ የመንገደኛ ነው። ጭሱ፣ ጫጫታው፣ የልጆቹ እንደ ወፍ በጎጆ መታሰር ሁሉም እውነት ነው።

ዓርብ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ወረቀት ላይ ሂሳብ ጻፍኩና ለባለቤቴ ሰጠሁት። አራት ኪሎ ከለገሃር ስለሚርቅ የእኔ መንገድ ከጓደኛዬ ሩብ ሰዓት ይረዝማል። ቢሾፍቱ ብንገባ በሳምንት 29 ሰዓት ከአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ እውላለሁ። አሁን ግን የሚፈጅብኝ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ባለቤቴ የሚሠራው አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ነው። ከአያት አቃቂ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅበት ሲሆን ከቢሾፍቱ ግን አንድ ሰዓት ቢፈጅበት ነው። በሳምንት አምስት ሰዓት ያተርፋል። «ሁላችንም እንለምደዋለን» ያለው ሳይዋሽ ነው፤ የእርሱ መንገድ ያጥር ነበርና የእኔ መርዘሙ አልታየውም። ከኪራዩ የሚተርፈው ብር ለቤቱ ገብቶ፣ የሚከፈለው ሰዓት ግን ከእኔ ንጋትና ከእኔ ምሽት ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ ያ ርካሽ ቤት አይደለም።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «እንቅር ማለትሽ ነው?» አለኝ። «አይደለም» አልኩት፤ የሎሚው ዛፍ ሥር ያየኋቸው ልጆች ከዓይኔ አልጠፉም። «አንተ ከእኔ ቀድመህ የምትገባ ከሆነ፣ እራቱም፣ የቤት ሥራውም፣ ማስተኛቱም ያንተ ይሆናል። ትምህርት ቤት ሲደወልም ሥራ አስፈቅዶ የሚወጣው ቅርብ ያለው ነው። እኔም እዚያው ወይም ወደዚያ ቀረብ ያለ ሥራ መጠየቅ እጀምራለሁ። ይህን ከቻልክ እንሂድ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ ለሁለት ሳምንት እዚሁ አያት እያለን እንሞክረው ተባባልን። አሁን ከሥራ እየተጣደፈ ገብቶ እራቱን የሚሠራው እርሱ ነው፤ እኔም ሆነ ብዬ ቢሮ እያመሸሁ 2፡30 ላይ እገባለሁ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ሁለት ቀን አርፍዶ እህቴ ሸፍናለታለች። የሰኞው ሽሮ አርሮ ልጆቹ በዳቦ አድረዋል። ትናንት ማታ ግን ስገባ ሴቷ ልጄ ደብተሯን ዘርግታ፣ አባቷ ከጎኗ ሽንኩርት እየላጠ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ የሰባትን ማባዣ ያስቆጥራት ነበር። ለአከራያችን መልስ የምንሰጠው በመጪው ቅዳሜ ነው።